ዳሲቱ ለሐኪሙ ያልነገረችው

ዳሲቱ የትንፋሿን ማጠር ለረጅም ጊዜ በጥጥ እያመካኘች ኖረች። በዚህ የምትወቀስ አይደለችም፤ ያኔ አቃቂ ውስጥ ፈትል ክፍል የምትሠራ ሴት ሁሉ ያስላት ነበር፣ የሚያስላትም ሁሉ ጥጡን ትረግም ነበር። ከማሽኖቹ ሥር ቀኑን ሙሉ የሚበንነው ነጭ ብናኝ ቅንድብ ላይ ያርፋል፣ ሻሽ ሥር ይገባል፣ ጉሮሮ ይከረክራል። መድኃኒቱም የታወቀ ነበር፤ ፋብሪካው የሚሰጠውን ወተት መጠጣት፣ እሑድ ተኝቶ መዋል፣ ሰኞ እንደገና መጀመር። እሑድ ሲሆን የሌሎቹን ደረት ለቀቅ ያደርገዋል። የዳሲቱ ደረት ግን እሑድን ከሰኞ አይለይም ነበር። ይህን ለራሷም ቢሆን ጮክ ብላ ተናግራው አታውቅም።

ወደ ፈትል ክፍሉ የሚያስወጣው ደረጃ ግማሽ ላይ ቆም ብላ ሻሿን የምታስተካክል ትመስላለች። ጎኗ ያለውን ማሽን የምትጠብቀው ድንቅነሽ፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት፣ አንድ ቀን ከኋላዋ ደርሳ፣ «ሰው ባል ያገባል፣ አንቺ ባቡር አገባሽ፤ ይኸው ዳገት ላይ እንደሱ ማለክለክ ለመድሽ» ብላ ሴቶቹን አሳቀቻቸው። ዳሲቱም አብራ ሳቀች። ሳቁ ሳያልቅ አየር አነሳትና የደረጃውን ብረት ጨብጣ ቆመች።

ባሏ ቀናው አቃቂ ባቡር ጣቢያ ሀዲድ ቀያሪ ነበር። ሥራው ባቡር ሲመጣ ከባዱን የብረት ዘንግ ስቦ መስመሩን ማስተካከል ነው። ከሳበ በኋላ የመጨረሻው ፉርጎ እስኪያልፍ ድረስ ዘንጉን መልቀቅ አይፈቀድለትም። በዚያ ዘመን ባቡሩ አርጅቶ፣ በየቀኑ መምጣቱን ትቶ፣ ሲመጣም ሰዓቱን የረሳ ሆኖ ነበር። ስለዚህ ቀናው ጎንበስ ይልና መዳፉን ሀዲዱ ላይ ያሳርፋል። ጆሮ ገና ምንም ሳይሰማ ብረቱ በስሱ ሲንቀጠቀጥ ይታወቀዋል። ቶሎ የሚደሰት፣ የተደሰተበትንም ነገር ለብቻው መያዝ የማይችል ሰው ነበር። ዳሲቱ የወደደችው በዚህ ጠባዩ ነው፤ የምትፈራውም ይህንኑ ነው።

በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት አርግዛ ነበር። ለቀናው በነገረችው ዕለት እሱ ለእናቱ ነገረ፣ እናቱ ለዕድር ወዳጆቻቸው ነገሩ፣ ሳምንት ሳይሞላ ሰፈሩ ሁሉ ሰላም ሲላት ዓይኑን ሆዷ ላይ ጣል ማድረግ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ጽንሱ ወረደ። ምክንያቱ ምን እንደሆነ ማንም አልተከራከረም። ሆድ ራሱ እስኪናገር ድረስ አፍ መናገር እንደሌለበት በአቃቂ የማያውቅ የለም። አሁን እንደገና የወር አበባዋ ከቀረ ሁለተኛ ወሩን ይዟል። በዚህኛው ጊዜ ግን ለቀናው እንኳ ትንፍሽ አላለችም።

ሌላም ያላወራችው ነገር ነበር። ታላቅ እህቷ አስካለች፣ ቂሊንጦ በኩል ወዳለ ገበሬ ቤት የተዳረችው፣ በመጀመሪያ ምጧ ሞታለች። ዓይን በላት ተባለ፤ ተለቀሰ፤ ተቀበረች። ዳሲቱ ግን ያን ቀን እዚያው ጎጆ ውስጥ ነበረች። ያየችው ደም አልነበረም። አስካለች ተኚ ሲሏት እምቢ ብላ ተቀምጣ፣ ምሰሶውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ከንፈሯ እየጠቆረ፣ «መስኮቱን ክፈቱልኝ፣ መስኮቱን» ትል ነበር። ጎጆው መስኮት አልነበረውም።

ዳሲቱ በአንድ ትራስ መተኛት ካቆመች ሰንብታለች። ሁለቱን ትደርባለች፣ ሲብስባት ግድግዳውን ትደገፋለች። ቀናው ምን ሆንሽ ሲላት፣ ጥጡ ነው ትለዋለች።

አንድ ጠዋት ደረጃው ላይ ጉልበቷ ከዳት። ድንቅነሽ ያን ጊዜ አልቀለደችም፤ በብብቷ ሥር ገብታ እስከ ፋብሪካው ክሊኒክ ድረስ ደገፈቻት። የክሊኒኩ ነርስ ሲስተር አስቴር፣ የሠራተኛውን ሳል በየዓይነቱ ስታዳምጥ ያረጀች ሴት፣ ማዳመጫዋን የዳሲቱ ጀርባ ላይ አደረገች፣ ቀጥሎም ከግራ ጡቷ ሥር። እዚያ ስትደርስ እጇ አልተነሳም። ዳሲቱ ተነፈሰች፣ ያዘች፣ እንደገና ተነፈሰች። የሲስተር አስቴር ፊት ግን እንደዚያው ቆየ።

«ይሄ የጥጥ አይደለም፣ ዳሲቱ» አለቻት በመጨረሻ። «ልብሽ ውስጥ የሚያጉረመርም ነገር አለ። አመታቱም ዘለል ዘለል ይላል።»

ከተማ ካለው ትልቅ ሆስፒታል ኢኮ የሚባል ማሽን እንዳለ፣ ልብን ሳይቆርጡ፣ ሳይወጉ፣ ከውጭ ሆነው እንደሚያዩበት ነገረቻት። ዳሲቱ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ራጅ ነው ወይ? ሲስተር አስቴር ራጅ እንዳልሆነ፣ በጆሮ በማይሰማ ድምፅ እንደሚያይ አስረዳቻትና ትንሽ ቆይታ፣ ለምን ጠየቅሽኝ አለቻት። ዳሲቱም እንዲያው ነው ብላ ሻሿን አሰረች።

ወደ ከተማ የሄዱት ከቀናው ጋር ነው። አውቶቡሱ ቃሊቲ ላይ በከባድ መኪኖች መሐል ተቀርቅሮ ሲቆም፣ የናፍጣው ጭስ በመስኮት ሲገባ፣ ዳሲቱ ደረቷን በነጠላዋ ሸፍና በልቧ ትጸልይ ነበር። ጸሎቷ ግራ የገባው ነበር። ማሽኑ ደረቷ ውስጥ ያለውን ነገር እንዲያይላት ትለምናለች፤ ወዲያው ደግሞ ከደረቷ በታች እንዳያይ ትለምናለች። ሳይቆርጥ ውስጥን የሚያይ ነገር የት ላይ እንደሚያቆም ማን ያውቃል? ቀናው ፍርሃቱን ሊሸፍን ሳያቋርጥ ያወራል፤ ስለ ጣቢያው አለቃ፣ ስለ ሞጆ መስመር፣ ፉርጎ ውስጥ ስለተገኘች ፍየል። እሷም አልፎ አልፎ እህ ትለዋለች።

ኮሪደሩ ላይ ብዙ ጠበቁ። ከንፈሩ የጠቆረ አንድ ጎረምሳ ፊት ለፊታቸው ቁጭ ብሎ ነበር፤ ዳሲቱ ወደሱ ላለማየት ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክትባት ሥዕል ስታጠና ቆየች። ተራዋ ሲደርስ ሐኪሙ፣ ዶክተር በዛብህ የሚባል ድካም ዓይኑ ሥር የተጠራቀመ ሰው፣ ባሏም ይግባ አለ። ውጭ ይቆይልኝ ልትል ፈልጋ ምክንያት አጣችለት።

ክፍሉ ጨለማ ነበር። መጋረጃው ተዘግቷል፣ የሚያበራው የማሽኑ ስክሪን ብቻ ነው። በግራ ጎኗ አስተኛት፣ ደረቷ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት አደረገና ሳሙና የሚያህል መሣሪያ ጫን አድርጎ ያዘ። መተኛቱ ብቻውን ያንቃት ጀመር። ስክሪኑ ላይ ግራጫ ጥላዎች ተነሱ፤ እየተሸበሸቡ፣ እየተለጠጡ፣ አንድ ቀጭን ነገር በመካከላቸው ብቅ ጥልቅ እያለ። ዳሲቱ መጀመሪያ ሌላ ሰው ላይ የሚደረግ ነገር የምታይ መሰላት። ቀጥሎ ያ ነገር የሚዘለው የራሷ ደረት በሚዘልበት ቅጽበት መሆኑ ገባት፣ ዓይኗንም ጨፈነች።

ሐኪሙ አንድ ቁልፍ ነካ፤ ክፍሉን ድምፅ ሞላው። ሹ… ሹሹ… ሹ… እያለ እየተጋፋ የሚያልፍ፣ የሚንኮራኮር ድምፅ። ዓይኗን ስትገልጥ ቀናውን አየችው። ጭነት የበዛበት ባቡር ከአቃቂ ወንዝ ድልድይ ወዲህ ዳገቱን ሲጀምር እንዲህ ነው የሚሰማው፤ እሷም ታውቀዋለች፣ ከሷ ይበልጥ ደግሞ እሱ ያውቀዋል። መንገዱን ሙሉ ያወራ የነበረው ሰው አፉ ተዘግቶ ነበር።

«ይቺ የልብሽ በር ናት» አለ ዶክተር በዛብህ፣ በጣቱ ቀጭኗን ነገር እየተከተለ። «ቧ ብላ መከፈት ነበረባት። ያንቺዋ ጫፍና ጫፏ ተጣብቋል፣ በስንጥቅ ነው የምትከፈተው። ደሙ በዚያች ስንጥቅ ይጋፋል፤ ማለፍ ያቃተው ወደ ሳንባሽ ይመለሳል። የሚያንቅሽ እሱ ነው።»

ከበሯ በላይ ያለውን ክፍልም አሳያቸው። ሰፍቷል፤ ውስጡም ጭስ የመሰለ ነገር በዝግታ ይዞራል። ደሙ ፍጥነት ሲያጣ እንዲህ እንደሚታይ፣ እንዲህ የሚዞር ደም ደግሞ ሊረጋና ጓል ሠርቶ ወደ ጭንቅላት ሊሄድ እንደሚችል ነገራቸው። በልጅነቷ ጉሮሮዋን ታማ እንደሆነ ሲጠይቃት የኮዬው ቤታቸው ታወሳት፤ እሷና አስካለች በአንድ ቁርበት ላይ ተኝተው፣ ምራቅ መዋጥ አቅቷቸው። እናታቸው ሁለቱንም ገበያ ወስደው እንጥላቸውን አስቆረጧቸው። ጉሮሯቸው ዳነ፤ ጥቂት ቆይቶ ግን የአስካለች ጉልበት አበጠ፣ የሷም ቁርጭምጭሚት። ሐኪሙ ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። እናቷን እንዳትወቅስ፣ በሽታው ከጉሮሮ ተነስቶ ልብ ላይ መቀመጡን ያን ጊዜ ማንም ሊያውቅላት እንደማይችል ተናገረ።

ቀጥሎ በጀርባዋ እንድትገለበጥ፣ ጉልበቷን እንድታጥፍ፣ ሆዷን እንድትለቅ አዘዛት። መሣሪያው ከደረቷ ወረደ። ከጎድኗ መጋጠሚያ በታች፣ ከእምብርቷ በላይ አረፈና ወደ ውስጥ ተጫነ። ዳሲቱ ሳታስበው የሐኪሙን የእጅ አንጓ ጥርቅም አድርጋ ያዘችው።

ሐኪሙ ምነው አላት። ይኮረኩረኛል አለችው። እሱም ፈገግ ብሎ፣ ልብን ከሥር ሆኖ ማየት እንደሚፈልግ፣ ከዚያ በታች እንደማይሄድ ነገራት። እሷ ግን እጇን አንጓው ላይ እንደጣለች ቆየች፤ መሣሪያው የጣት ስፋት ያህል በወረደ ቁጥር ጣቶቿ ይጠብቁ ነበር።

መብራት ሲበራ እየጻፈ ጠየቃት።

«ነፍሰ ጡር ነሽ?»

ቀናው ከራስጌዋ ነበር። ፊቱን ሳታየው እንኳ ጆሮው መቆሙ ታወቃት። በዚያች አፍታ የመጣባት ያ የሰፈሩ ዓይን ነው፤ የቀናው እናት እልልታ፣ ከሳምንት በኋላም ጨርቅ ላይ ያየችው ደም።

«አይደለሁም» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አዎ።»

«ጥሩ። የጠየቅኩሽ ስለዚህ ነው» አለና ሁለት ዓይነት ክኒን አዘዘላት። አንዱ ሳንባዋ ላይ የሚጠራቀመውን ውሃ የሚያወጣ፣ አንዱ ደሟ እንዳይረጋ የሚያቀጥን ነው። ይህ የሚያቀጥነው ለነፍሰ ጡር እንደማይሰጥ፣ ሽሉን እንደሚያበላሽ አጥብቆ ተናገረ። የዳሲቱ አፍ ተከፈተ። ቀናው እያዳመጠ ነበር። አፏ ተመልሶ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ፣ ዳሲቱ ቆይታ ስታስበው፣ በሕይወቷ እንደዚያ የፈራችበት አልነበረም። ቀናው በየምሽቱ ክኒኖቹን በመዳፉ፣ ውሃውን በጣሳ ይዞላት ይመጣል፣ አጠገቧ ተቀምጦ ስትውጥ ያያታል። እሷም ክኒኖቹን ጉንጯ ውስጥ ሰንቅራ ውሃውን ትጠጣለች። እሱ ወደ ጓሮ ዞር ሲል ትተፋቸዋለች፣ የከሰል ምድጃው አመድ ውስጥ ትቀብራቸዋለች። ሁለቱንም። የትኛው የትኛው እንደሆነ ሐኪሙ ለይቶ ነግሯት ነበር፤ ግን በዚያ ሰዓት የሰማችው «ሽሉን ያበላሻል» የሚለውን ብቻ ስለሆነ ሁለቱንም ፈራቻቸው። ቀናው ለጎረቤት ሁሉ፣ ሚስቴ መድኃኒት ጀምራለች፣ እየተሻላት ነው ይል ነበር። እሷ ግን ሁለቱ ትራሶች አልበቃ ብለዋት ጋቢውን አጣጥፋ ትጨምርበት ጀመር። እግሯ አበጠ። ልቧ ሲዘል ደረቷ ውስጥ ያለውን ጭስ ታስበዋለች፤ ሲዞር፣ ሲዞር፣ የሆነ ቦታ ላይ ሲረጋ።

አንድ ቅዳሜ እናቷ ወይዘሮ ዲንቄ ከኮዬ መጡ። እዚያ ያን ጊዜ ገና የጤፍና የሽንብራ ማሳ ነበር፤ በእግራቸው ነው የመጡት፣ በሶ ይዘውላት። መታመሟን ሰምተዋል፣ የተባለው ግን በቅጡ አልገባቸውም። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ላሟ አወሩ። እያወሩ ሳለ ፍራሹ ላይ የተደራረቡትን ትራሶች አዩ። ሦስተኛ የሆነውን ጋቢ አዩ። ልጃቸውን አዩ፤ ጀርባዋን ከግድግዳ አስጠግታ፣ በሁለት እጇ የአልጋውን ጠርዝ ይዛ ተቀምጣለች።

ወይዘሮ ዲንቄ ወሬያቸውን አቋረጡ። ተነሡ፣ ወደ መስኮቱ ሄዱና የዛገውን መቀርቀሪያ ታግለው ከፈቱት። ከዚያም ተመልሰው ሳይቀመጡ፣ ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙረው እዚያው ቆሙ። የማንንም ስም አልጠሩም። ዳሲቱም አልጠራችም። ነፋሱ ገባ፤ የፋብሪካው ጩኸትም ተከትሎ ገባ።

ዳሲቱ እስከዚያ ቀን ፍርሃቷ የራሷ ብቻ ይመስላት ነበር። ሰኞ ከፋብሪካው አስፈቀደች፣ የቀናውን ምሳ ዕቃ አንጠለጠለችና ወደ ጣቢያው ወጣች።

መንገዱ አጭር ነው፣ ትንሽ ዳገት ብቻ አለችው። እያረፈች፣ የሰው አጥር እየተደገፈች ወጣችው። ቀናውን ከሀዲድ ቀያሪዎቹ ጎጆ ፊት ጎንበስ ብሎ መዳፉን ሀዲዱ ላይ አድርጎ አገኘችው። ቀና ብሎ ሲያያት ደነገጠ፤ ማን ውጪ አለሽ፣ ከንፈርሽ ምን ሆኗል እያለ ሊነሳ ሲል ፊቱ ተለወጠ። ብረቱ ነግሮታል። ከሞጆ የሚመጣው የጭነት ባቡር ነበር። ሮጦ ዘንጉን በሁለት እጁ ያዘ፣ ሳበው፣ ክብደቱን ጣለበት። ዳሲቱ አጠገቡ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ትንፋሿን ለማግኘት ብዙ ጊዜ ወሰደባት።

«አሁን ና ብልህ ትለቀዋለህ?» አለችው።

«ምኑን? ዘንጉን? እንዴት እለቃለሁ? ሰው ያልቃል እኮ።»

«እንግዲያው ስማኝ። አርግዣለሁ። ክኒኑን አንድም ቀን አልዋጥኩም። እንደ አስካለች ልሞት ነው መሰለኝ።»

ባቡሩ በመታጠፊያው ብቅ ብሎ ነበር። ቀናው የሆነ ነገር አለ፤ አልተሰማትም። እንደገና አለ፤ ጥሩምባው ዋጠው። መሬቱ እየተንቀጠቀጠ ፉርጎዎቹ በአጠገባቸው ማለፍ ጀመሩ፣ ብረት ከብረት እየተፋጨ፣ አንዱ ሲያልፍ ሌላው እየተከተለ። ቀናው እጆቹ ዘንጉ ላይ ናቸው፤ አንገቱ ብቻ ወደ ዳሲቱ ዞሯል። እሷ አንገቷን ወደ ላይ ሰቅላ አየር ትፈልጋለች። ወደሷ መምጣት አይችልም። መሮጥ አይችልም፣ ሰው መጥራት አይችልም፣ ለማንም መናገር አይችልም። ዳሲቱ ይህን አስባ ነው የመጣችው። እንዲህ ይሆናል ብላ ያላሰበችው ግን ፊቱን ነበር፤ የመጨረሻው ፉርጎ አልፎ ዘንጉን እስኪለቅ ድረስ ዓይኑን ከከንፈሯ ላይ አላነሳም፣ እንባውንም መጥረጊያ እጅ አልነበረውም።

ሲለቀው እየሮጠ መጥቶ እግሯ ሥር ተንበረከከ። አልቆጣትም። የጠየቃት አንድ ነገር ነበር።

«ማን ያውቃል?»

«አንተ።»

ተተኪ ለምኖ፣ የጭነት መኪና አስቁሞ ይዟት ሄደ። መኪናው በእናቱ ደጅ ሲያልፍ እናቱ በር ላይ ቆመው ነበር፤ ወዴት ነው ብለው ጮኹ። ቀናው እጁን አንስቶ ሰላም አላቸው፣ ሌላ ቃልም አልጨመረ።

ዶክተር በዛብህ የሆነውን ሁሉ ሲሰማ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከዚያ የጠየቃት የሚያቀጥነውን ክኒን ስንት እንደወሰደች ነበር። አንድም አልዋጥኩም አለችው። ለሽሉ መልካም እንደሆነ፣ ለሷ ግን መልካም እንዳልነበረ ነገራት፤ ያኛውን፣ ውሃ የሚያወጣውን፣ መውሰድ ነበረባት። ከዚያ እንደገና ወደ ጨለማው ክፍል አስገባት፣ በዚህኛው ጊዜ ግን በትራስ ደግፎ፣ እንደተቀመጠች። በሯ ያችው ናት። ጭሱም አለ። ረግቶ የተቀመጠ ጓል ግን፣ ብዙ ፈልጎ፣ በማሽኑ እስከሚታየው ድረስ አላገኘም።

«አልዋሽሽም» አላት መሣሪያውን ሳያነሳ። «ሽሉ ሲያድግ ደምሽ ይጨምራል፤ በሯ ግን አትሰፋም። ወደ ሰባተኛው ወር ይከብድሻል፣ ምጡ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ያለፉት አሉ። ያላለፉትም አሉ። ማቋረጥም ይቻላል፣ አሁን ገና ነው። ውሳኔው የእናንተ ነው።»

ቢቀጥሉበት ፈትል ክፍል የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ለደሙ ከክኒኑ ይልቅ ወደ ሽሉ የማያልፍ መርፌ እንደሚሰጣት፣ እሱ ሲላት መጥታ እዚያው ሆስፒታል እንደምትተኛ ዘረዘረ። ዳሲቱ እስኪጨርስ ጠብቃ ስለ አስካለች ጠየቀችው፤ ምሰሶውን፣ ከንፈሩን፣ መስኮት የሌለውን ጎጆ ነገረችው።

«የሞተችን ሴት ልብ ማየት አልችልም» አለ ሐኪሙ ቀስ ብሎ። «ግን እንደምትነግሪኝ ከሆነ ዓይን አልነበረም።»

ዳሲቱ ወደ ስክሪኑ አየች። እዚያ ያለችው ስንጥቅ ትከፈታለች፣ ትዘጋለች። ዓይን ቢሆን ኖሮ መሸሸግ ይቻል ነበር፤ ዝም ማለት፣ መከናነብ ይቻል ነበር። ይቺ ግን ዝም ስትላትም አለች። ከዚያ ወደ ቀናው ዞረች። እሱ አንቺ እንዳልሽ አለ።

«እሞክራለሁ» አለች። «ስተኛ ግን አልጋዬ መስኮት አጠገብ ይሁን።»

ሐኪሙ ለምን እንደሆነ አልጠየቃትም። ይሆናል አለና ቅባቱን ሊጠርግ ጨርቅ ሲያነሳ አንድ ነገር ትዝ አለው። ማሽኑ ለልብ ቢሆንም ዝቅ ቢደረግ ሽሉን ሊያሳይ እንደሚችል፣ የሽሉ ልብ መምታቱን እሱም ቢያይ ደስ እንደሚለው ነገራቸው።

ዳሲቱ ሆዷን በእጇ ሸፈነች። ሆድ ገና አልተናገረም። ብዙ ቆየች፤ ከዚያ እጇን አነሳችና ፊቷን ወደ ግድግዳው ልታዞር ስትል፣ ሐሳቧን ለውጣ ወደ ቀናው አዞረችው።

«እኔ አላይም» አለች። «አንተ እይልኝ።»

ቅዝቃዜው ከእምብርቷ በታች አረፈ። ሐኪሙ ድምፁን አጠፋው፤ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የሷ ትንፋሽ ብቻ ሆነ፣ አጭር፣ ተጎታች። የስክሪኑ ብርሃን የቀናው ፊት ላይ ይንቀሳቀሳል። መሣሪያው ይፈልጋል፣ ያልፋል፣ ይመለሳል። ቀናው አይተነፍስም። ዳሲቱ ያን ፊት ከግንባሩ እስከ አገጩ ትመረምራለች፤ መጥፎ ነገር ቢሆን መደበቅ እንደማይችልበት ታውቃለች።

በዚያ ሁኔታ ሳሉ የቀናው እጅ ቀስ ብሎ ወረደ። ስክሪኑን እያየ፣ ራሱም ሳያውቀው፣ መዳፉን በአልጋው ብረት ላይ ዘርግቶ አሳረፈ፤ ሩቅ ያለ ነገር መምጣቱን ሲጠብቅ እንደሚያደርገው። ብረቱ ከዳሲቱ መንቀጥቀጥ ጋር በስሱ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«አለ» አላት። «ይመታል።»

እጁንም አላነሳም።